ዋፊቃን ማን ጠየቃት?

ዋፊቃ በዚያ ጧት ሻንጣዋን ዘጋችው፤ መልሳ ከፈተችው፤ እንደገና ዘጋችው። የረሳችው ነገር አልነበረም። ዛሬ የዕረፍታቸው የመጨረሻ ቀን ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ እጇ ግን አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም።

«ያንን ዚፕ ልትበጥሺው ነው» አለች ታናሽ እህቷ ረሂማ። ነደባው ላይ፣ ቀይ ምንጣፍ በለበሰው ከፍ ያለ የሐረሪ ቤት መደብ ላይ፣ በደረቷ ተኝታ ስልኳን ትነካካለች።

«ተነሽ ይልቅ። አባዬ እየጠበቁን ነው።»

«አባዬማ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ እየጠበቁ ነው። ፓርክ ለመሄድ እንዲህ የቸኮለ ሐጂ አይቼ አላውቅም።»

እውነቷን ነበር። አባታቸው ሐጂ ዑስማን መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ዝምታቸው ረጅም የሆነ ሰው ናቸው። ለሸዋሊድ በዓል ቤተሰባቸውን ይዘው ሐረር ከመጡ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነዋል። ጧት ጊደር መጋላ ገበያ፣ ከሰዓት ዘመድ ጥየቃ፣ ሲመሽ ዚክር። አንዲት ባዶ ሰዓት ካገኙ ይጨንቃቸዋል። በእንግድነት ያረፉባቸው የሚስታቸው እህት፣ ወይዘሮ ናፊያ፣ «ሐጂ፣ አቦከር ሰፈር ድረስ መጥታችሁ አንድ ቀን እንኳ ተጋድማችሁ አትውሉም?» ሲሏቸው፣ «ልንተኛማ ቤታችን ነበርን» ብለው ጫማቸውን ያጠልቃሉ።

ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቀዋል። የሚናገረው ግን የለም። የመጀመሪያ ልጃቸው ኸዲጃ ያረፈችው እዚሁ ከተማ ነው። ሐረር አግብታ፣ ከአክስቷ ቤት ማዶ ጎጆ ወጥታ ስትኖር፣ አንድ ቀን ጧት ያመማት ሕመም ሳይመሽ ወሰዳት። ሐጂ ዑስማን ወሬውን ሰምተው ከአዲስ አበባ እስኪደርሱ ቀብሩ አልቆ፣ ሰው ከመቃብር ተመልሶ ነበር። የልጃቸውን ፊት ሳያዩ፣ አልጋዋን ሳይሸከሙ፣ አንዲት ጭብጥ አፈር ሳያለብሷት ቀሩ። ባሏ ከርሞ ጅግጅጋ ሄደና ሌላ ትዳር ያዘ። ከዚያ ሐዘን ወዲህ ሐጂ ሐረርን ሲረግጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሁሉም ቦታ ሄደዋል። መቃብሯ ዘንድ ግን አልሄዱም።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ዋፊቃ ልቧ ዘለለ፤ በራሷም ተናደደች። የሪድዋን ፔጆ ናት።

ሪድዋን የአክስቷ ጎረቤት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል፤ ከአባቱ የወረሳትን አሮጌ ፔጆ በበዓልና በሐዘን ለጎረቤት ሁሉ ይነዳል። ዋፊቃ ያወቀችው ኸዲጃን ልትጠይቅ በመጣችበት ክረምት ነበር። ከጊደር መጋላ ሐብሐብ ገዝታ ስትመለስ ፌስታሉ ተቀደደና ሐብሐቡ የጀጎልን ቁልቁለት ይዞ ተንከባለለ። እሷ እየሮጠች፣ ሐብሐቡ እየቀደማት፣ ታች መታጠፊያው ላይ አንድ ረጅም ወጣት እግሩን ዘርግቶ አስቆመው። አንሥቶ ሲሰጣት፣ «እንዲህ የሚፈጥን ሐብሐብ በጧቱ አላየሁም» አላት። ሳቀች። እሱም ሳቀ። የትውውቃቸው መጀመሪያ ይኼው ነበር።

ኸዲጃ ከሞተች በኋላ ለማጽናናት ይደውልላት ጀመር። ማጽናናቱ ቀስ በቀስ ጨዋታ ሆነ፤ ጨዋታውም ስም ያላወጡለት ሌላ ነገር ሆነ። በየምሽቱ ስልኳ ሲጠራ የምትሠራበትን ፋርማሲ ዘግታ የምትሄድበት መንገድ ያጥርላት ነበር። ከዚያ በአንድ ሳምንት መሃል መደወሉን ተወ። አልተጣሉም፤ አልተሰናበቱም። ብትደውልለት አላነሣም። መልሳ መደወል ክብሯን ነካትና እሷም ተወችው።

አሁን ሳምንቱን ሙሉ ቤተሰቡን ይዞ ሲዞር በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኖቻቸው ይገናኙና ሁለቱም ወደ መንገዱ ይሸሻሉ። «እንደምን አደርሽ?» «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና።» ከዚህ ያለፈ ቃል አልተለዋወጡም።

*

የመዝናኛ ፓርኩ ሐኪም በተባለው ተራራ ግርጌ ነው። ከተከፈተ ገና ብዙም አልቆየም። ልጅ ያዘለች እናት፣ ከገጠር ለበዓል የመጣ ገበሬ፣ ሚዜዎቹን ያስከተለ ሙሽራ በሩ ላይ ይጋፋል። ድምፅ ማጉያው አንዱን ዘፈን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። በመሃል ትልቁ መንኮራኩር፣ ሁለት ሁለት ሰው የሚይዙ ወንበሮቹን አንጠልጥሎ፣ ከዛፎቹ በላይ ይዞራል።

ሐጂ ዑስማን ገና ከመግባታቸው ለሁሉም ትኬት ገዝተው አደሉ። «ልጆቼ ሲስቁ ሳላይ አልመለስም» አሉ። ቃሉ ትእዛዝ ይመስል ነበር። እናታቸው ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ሻርፓቸውን አንጥፈው ተቀመጡና፣ «እኔን በምድር ላይ ተዉኝ» አሉ። ረሂማ የሚጋጩት መኪኖች ዘንድ ሮጣ ሄደች።

ዋፊቃ የረሂማን ቦርሳ ይዛ አጥሩን ተደግፋ ቆመች። አንዴ በቀኝ እግሯ፣ አንዴ በግራ። ሒጃቧን አስተካከለች፤ የተበላሸ ግን አልነበረም። ሪድዋን መጥቶ እዚያው አጥር ላይ፣ ክንድ የሚያህል ቦታ ትቶ፣ ተደገፈ።

«ነገ በጧት ነው የምትወጡት?» አለ፣ መኪኖቹን እያየ።

«ጎህ ሲቀድ።»

«ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ እኔ አደርሳችኋለሁ።»

«ምን አደከመህ። ሚኒባስ አይጠፋም።»

«ሐጂ ጠይቀውኛል።»

«አባዬ ሲጠይቁህ እሺ ትላለህ። እኔ ስደውል ግን አታነሣም።»

ሳታስበው ነው ያመለጣት። ከተናገረችው በኋላ ፊቷ ጋለ። ረሂማ ከአንድ ጎረምሳ መኪና ጋር ተላትማ ስትስቅ፣ ዋፊቃም የምትስቅ ለመምሰል ሞከረች።

ሪድዋን ወደ እሷ ዞረ። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አያት።

«ማንሣት ነበረብኝ?»

«ምን ማለት ነው?»

«ዋፊቃ፣ እኔ ሽማግሌ ልኬ መልሴን ያገኘሁ ሰው ነኝ። እንቢ ካለችኝ ሴት ጋር በስልክ ምን ብዬ ላውራ?»

«ማን ነው እንቢ ያለህ?»

«አንቺ ነሻ።»

ዋፊቃ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ነበር። «እስቲ ድገመው» አለችው።

«አጎቴ ዓሊዪና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄዱ። አባትሽ በክብር ተቀበሏቸው፤ ምሳ አበሏቸው። ከዚያ ‹ልጅቷን ጠይቄያታለሁ፤ አልፈለገችም› አሏቸው። ያኔ ነው የተውኩት። ስትደውዪ ደግሞ ይቅርታ ልትጠይቂኝ መሰለኝ። ይቅርታሽን ለመስማት አቅም አልነበረኝም።»

«ወላሂ ማንም አልጠየቀኝም» አለች ዋፊቃ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። «ሽማግሌ ቤታችን መግባቱንም ዛሬ ሰማሁ። ሥራ ላይ ሆኜ ይሆናል። አንተስ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ቤታችሁ ሐዘን ላይ ነበር። በስልክ ተነጋግረው ጨርሰው ነው እንዳይባል፣ ነገሩ በወጉ እንዲሄድ ፈለግኩ። አንቺን ከአባትሽ ጋር ላጣላሽ አልፈለግኩም።»

«ስለዚህ ከእኔ ጋር ተጣላህ።»

የሪድዋን ጣቶች አጥሩን አጥብቀው ይዘው ነበር። ዋፊቃ ያንን አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። ከዚህ በላይ ብታይ ልታለቅስ ነው።

ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ መራመድ ስትጀምር፣ «ወዴት ነሽ?» አላት።

«አባዬን ልጠይቃቸው።»

«ዛሬ ይቅር። ሐጂ ከስንት ጊዜ በኋላ እየሳቁ ነው።»

«ነገ እንሄዳለን ሪድዋን። ዛሬ ካልሆነ መቼ ነው?»

*

አባቷን ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። ሐጂ ዑስማን አንድ ቦታ አይቆሙም። የሚሽከረከሩት ፈረሶች አጠገብ አየቻቸውና ስትደርስ የጥጥ ከረሜላ ወረፋ ውስጥ ገብተዋል። እዚያ ስትደርስ ከአንድ የጭሮ ነጋዴ ጋር ስለ ጨርቅ ወሬ ይዘዋል። «አባዬ፣ አንድ ጊዜ» ስትላቸው፣ «እንቺ፣ ይኼን ለእናትሽ ውሰጂላት» ብለው ሮዝ ከረሜላ አስያዟትና ወደ ሌላ ጨዋታ አለፉ።

ዋፊቃ ከረሜላውን ይዛ እናቷ ዘንድ ሄደች። ተቀመጠች፤ ተነሣች፤ እንደገና ተቀመጠች።

«እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» አሏት እናቷ።

«እማ፣ ሪድዋን ሽማግሌ ልኮ ነበር?»

እናቷ ከረሜላውን ተቀብለው ሳይቀምሱት ያዙት። ዓይናቸው ሳሩ ላይ ነበር።

«ነግሮሽ ነው?»

«ታውቂ ነበር ማለት ነው።»

«ጓዳ ሆኜ ሰምቻለሁ። አባትሽ እንደዚያ ሲሉ ሰማሁ፤ ዝም አልኩ።» የሻርፓቸውን ጫፍ አስተካከሉ። «ኸዲጃን ያስረከብኩት ለዚህ ከተማ ነው፣ ዋፊቃ። ሌላዋንም ስጡ ለማለት አንደበት ከየት ላምጣ? ልክ አልነበረም። ግን አፌ አልተከፈተም።»

ዋፊቃ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ የእናቷን እጅ ስታይ ቁጣው የሚያርፍበት አጣ። ጣፋጩ ሙቀቱ አሟሙቶት መዳፋቸው ላይ እየቀለጠ ነበር። ቦርሳውን ከፍታ በመሐረብ ጠረገችላቸው።

«ጠይቂያቸው» አሏት እናቷ። «ብቻ ሰው መሃል አይሁን። ድምፅሽንም ከፍ አታድርጊ።»

ረሂማ እያለከለከች መጣች። ከዋፊቃ ፊት የሆነ ነገር አነበበች መሰል፣ ሁለት የመንኮራኩር ትኬት ዘረጋችላት። «እኔን ያዞረኛል። አንቺና ሪድዋን ውጡበት። ላይ ሆናችሁ ተነጋገሩ፤ እዚያ ማንም አያቋርጣችሁም።»

«ማን ነገረሽ?»

«አጥሩ እኮ ሽቦ ነው። እኔም ደንቆሮ አይደለሁም።»

ዋፊቃ አመነታች። ሪድዋን ከወረፋው ጫፍ ቆሞ ያያታል። እግሯ ከእሷ ቀድሞ ሄደ። ተራቸው ደርሶ ሪድዋን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ ልትወጣ አንድ እግሯን እንዳነሣች፣ ከኋላ ሰው ወረፋውን እየጣሰ መጣ።

«ዋፊቃ፣ ውረጂ» አሉ ሐጂ ዑስማን። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። «ከእሱ ጋር እኔ ነኝ የምወጣው።»

«አባዬ፣ እርስዎ ከፍታ ይፈሩ የለ?»

«ማን ነው የሚፈራ?»

ወጥተው ከሪድዋን ጎን ተቀመጡ። መንኮራኩሩን የሚያሠራው ሰው ብረቱን ደረታቸው ላይ ዘጋው። ዋፊቃ ፎቅ ላይ መስኮት አጠገብ የማይቀመጡት፣ ባለሁለት ፎቅ ሱቅ ላለመግባት ደንበኛ የሚያሳልፉት አባቷ ቀስ እያሉ ከምድር ሲነሡ ቆማ አየች። ፊታቸው ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ነበር። ሪድዋን ወደ ታች አያት፤ ትከሻውን ነቀነቀ።

ወንበራቸው ጫፍ ላይ እንደደረሰ ዘፈኑ ከመሃሉ ተቆረጠ። መንኮራኩሩ አቃስቶ ቆመ። መብራት ጠፍቷል።

*

መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ቆይቶ ሳቁ ቀረ። ላይ ያሉ ልጆች ማልቀስ ጀመሩ፤ ታች ያሉ እናቶች ስማቸውን እየጠሩ አጽናኗቸው። የሚያሠራው ሰው ጄኔሬተሩ ዘንድ ሮጠ። ሞተሩ አንዴ አጓራና ዝም አለ።

ከተራራው ነፋስ መጣና ወንበሮቹን አወዛወዘ። ዋፊቃ ከታች በደንብ የምታየው የአባቷን ነጭ ኮፊያ ነው። ኮፊያው ወደ ጉልበታቸው አጎነበሰ። ወዲያው አንድ እጃቸው ከብረቱ ተላቅቆ የሪድዋንን ክንድ ጨመደደ።

ዋፊቃ አንድ ቦታ መቆም አልቻለችም። ወደ ጄኔሬተሩ ሄደች፤ ሰዎቹ «እኅቴ፣ ዞር በይ» አሏት፤ ተመለሰች። መንኮራኩሩን ዞረችው። ከየትም አቅጣጫ ብታይ ያው ነው፤ ሁለት ሰው፣ ሰማይ ላይ፣ እሷ ስለምትፈልገው ነገር ሊነጋገሩ የሚችሉ ሁለት ሰዎች፤ እሷም አንዲት ቃል አትሰማም። ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ ከታች ቆማ የኖረች መሰላት።

እናቷ መጥተው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ዱዓ ያደርጋሉ። ረሂማ የስልኳን ካሜራ አቅርባ ወደ ላይ አነጣጠረች።

«አባዬ እያወሩ ነው» አለች።

«ምን እያሉ?»

«ከንፈር አነባለሁ እንዴ? ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ግን ያወራሉ።» ምስሉን ይበልጥ አቀረበች። «አሁን ሪድዋን ነው የሚያወራው። ብዙ ነው የሚያወራው። በእጁ የሆነ ነገር ያሳያል፤ እንደ ሸክም... እንደ አልጋ።»

«አምጪው» አለች ዋፊቃ፤ ግን ስልኩን አልተቀበለችም።

«ዋፊቃ» አለች ረሂማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባዬ እያለቀሱ ነው።»

ኸዲጃ የሞተች ጊዜ አባታቸው አላለቀሱም። ወንዶች ሲያለቅሱ እሳቸው ሰው ያስተናግዱ ነበር። ዋፊቃ ከዚህ በኋላ ወደ ላይ አላየችም። መሬቱን እያየች፣ የተረገጠ ሳር እያየች፣ ጄኔሬተሩ እንዲነሣ ብቻ ለመነች።

ሲነሣም እንደ ማሳል አድርጎት ነው። ወንበሮቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ሐጂ ዑስማን ሲወርዱ ሪድዋን ደገፋቸው፤ እሳቸውም ክንዱን አልለቀቁም። ዋፊቃ ውኃ ሰጠቻቸው። ጠጡ። ፊታቸውን አበሱ። እሷን ሳያዩ ለሪድዋን፣ «መኪናዋን አስነሣ» አሉት። «መቃብሯ ዘንድ ውሰደኝ።»

*

መቃብሩ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ቁልቁለት ላይ ነው። ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቂያዋ ሄዳለች። ሐጂ ዑስማን ለሚስታቸውና ለረሂማ፣ «እናንተ ቆይታችሁ ትመጣላችሁ» አሉና ዋፊቃን በእጃቸው ጠሯት። ሪድዋን ከፊት መርቷቸው በቅሎ ያደገ የቁልቋል አጥር አሻግሮ አንዲት የድንጋይ ክምር አሳያቸው። ከዚያ ሳይጠየቅ ወደ መኪናው ተመለሰ።

ሐጂ ዱዓቸውን አደረጉ። ረዘመ። ሲጨርሱ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉና ቁጭ አሉ። ዋፊቃ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከጧት ጀምሮ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት።

«ያን ቀን መርዶውን የደወለልኝ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሉ አባቷ።

«አላውቅም።»

«እሱ ነው። ‹ሐጂ፣ ይታገሡ› አለኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም። ድምፁ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ስሙን ሲጠሩ የመጣብኝ ያ ድምፅ ነው። ሌላ ቀን ስልኩ ሊጠራ ነው፤ ያው ድምፅ ሊሆን ነው፤ ስለ አንቺ ሊነግረኝ ነው። እንደዚያ አሰብኩ።»

«ታዲያ ለምን እሷ እንቢ አለች አሏቸው?» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ለምን ‹እኔ ፈራሁ› አላሉም?»

«ይኼን የሚል አፍ አልነበረኝም» አሉ። «ለዚያ ልጅም ዛሬ ነው ያልኩት። እዚያ ላይ ተንጠልጥዬ ክንዱን ይዤ፣ አልፈራሁም ብል ማን ያምነኛል?»

ዋፊቃ ሳታስበው ፈገግ አለች። እሳቸውም ፈገግ ሊሉ ፈልገው ተዉት።

«ስለ ቀብሯ ጠየቅኩት» አሉ ቀጥለው። «ማንንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ማን ተሸከማት? ሰው በዛ ወይ? ዝናብ ነበር ወይ? ሁሉን ነገረኝ። ከፊት በቀኝ የተሸከማት እሱ ነው። መንገዱ ያንሸራትት ነበር፤ አንዴም አላወዛወዝናትም አለኝ።» ድንጋዩን ነኩት። «እኔ የዚያን ቀን ሳስባት ሁልጊዜ ብቻዋን ነበረች። ብቻዋን አልነበረችም።»

ዋፊቃ እጃቸውን ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር። ከታች የከተማው ጫጫታ ይሰማል፤ አንድ ባጃጅ እያለቃቀሰ አቀበቱን ይወጣል።

«‹አዲስ አበባ መጥቼ እኖራለሁ› አለኝ ደግሞ። ‹እናትህንስ ለማን ትተህ?› አልኩት። ዝም አለ። ውሸት ሊዋሸኝ ይችል ነበር፤ ዝም አለ። ስለዚህ ነገሩ ሐረር ነው። አንቺ እዚህ፣ እኔ እዚያ።» ዞረው አዩዋት። «ያኔ ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። አሁን ልጠይቅሽ። ልጃገረድ ዝም ካለች እንደ ፈቀደች ይቆጠራል፤ ዝም ብትዪም ይገባኛል። እንዳትጨነቂ።»

«ዝም አልልም፣ አባዬ» አለች ዋፊቃ።

ጠበቋት።

«እፈልገዋለሁ። ሐረር እኖራለሁ። በየቀኑ እደውልልዎታለሁ፤ ያም ሆኖ ይፈሩ ይሆናል። ፍርሃቱ እስኪለቅዎ ድረስ አልጠብቅም። እየፈሩ ይስጡኝ።»

ሐጂ ዑስማን ድንጋዩን አንዴ እንደገና ነኩት። ነፋሱ ኮፊያቸውን ሊወስድ ሲል በእጃቸው ያዙት። ከዚያ የእሷን ትከሻ ተደግፈው ተነሡ።

«ኢንሻአላህ» አሉ። «እየፈራሁ።»

*

እናቷና ረሂማም ተራቸውን ሄደው ዱዓ አድርገው ከተመለሱ በኋላ ሁሉም መኪናው ውስጥ ገቡ። ሐጂ ዑስማን ከፊት፣ ከሪድዋን ጎን ተቀመጡ።

«ነገ አንሄድም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ለናፊያ ንገሯት፤ ሁለት ሦስት ቀን እንጨምራለን። ለትኬቱ መላ እናበጃለን።» ይህን ብለው ጭንቅላታቸውን ወንበሩ ላይ አስደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሳምንቱን ሙሉ በቀን ሲተኙ አይተዋቸው የማያውቁት ሚስታቸው አንገታቸውን ዘርግተው አዩዋቸው።

ፔጆዋ ቀስ ብላ ግንቡን ዞረች። ሪድዋን በመስተዋቱ ውስጥ ዋፊቃን አያት። ዋፊቃ ዓይኗን አላሸሸችም። ከግንቡ በር እስኪርቁ፣ ከገበያ የሚመለሱትን ሴቶች እስኪያልፉ ድረስ እንደዚያው ተያዩ።

«ጠየቁሽ?» አላት በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

ዋፊቃ እናቷን አየች። እናቷ በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞረው የሌለ ነገር ይመለከታሉ። ረሂማ እስትንፋሷን ይዛለች።

«ንገሪው እንጂ» አለች ረሂማ ታግሣ ታግሣ። «መንገዱን ስቶ ሊገድለን ነው።»

«እፈልገዋለሁ አልኳቸው» አለች ዋፊቃ።

የአቦከርን አቀበት ጀምረው ነበር። ሪድዋን ማርሽ መቀየር ረሳ። ፔጆዋ ተንገጫግጫ መንገዱ መሃል ላይ ሞተሯ ጠፋ፤ ትንሽም ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ከኋላ የነበረ ባጃጅ ጥሩምባውን ለቀቀው።

ሐጂ ዑስማን ዓይናቸውን ሳይገልጡ እጃቸውን ዘርግተው የሪድዋንን ክንድ ያዙ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አሉት። «ቀስ።»